ጉልበት ሲከዳ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ባሕር ዳር፡- በጣና ዳርቻ ከጀልባ ላይ ጆንያ የሚያወርድ ሠራተኛ ለገበያ የሚያቀርበው ሸቀጥ አንድ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ። እግሩ እንደተተከለ ገላው ድንገት ሲዞር ጉልበቱ ውስጥ "ጧ" የሚል ድምፅ ከተሰማና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል ማለት ነው።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ የተበጠሰ ጅማት ታሽቶ ወደ ቦታው አይመለስም። በተለይ ጉልበቱ ከወለቀ፣ እግሩም ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታሽ በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በከተማዋ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

ኦፕራሲዮን ለሁሉም የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ የስዊድን ጥናት በእንቅስቃሴ ሕክምና ብቻ ከጀመሩት 59 ወጣቶች መካከል በ2 ዓመት ውስጥ ጅማታቸው በኦፕራሲዮን የተተካው 23 ነበሩ። ጉልበቱ ደጋግሞ ለሚከዳው ግን ኦፕራሲዮኑ ሊያስፈልግ ይችላል።

በሁለቱም መንገድ የማይቀረው ወጪ ጊዜ ነው። የጭን ጡንቻ በወራት ልምምድ መጠንከር አለበት፤ ኳስ ተጫዋች ከኦፕራሲዮን በኋላ ቢያንስ 9 ወር እንዲቆይ ይመከራል። ከልምምዶቹ አንዱ ፔዳል መምታት በመሆኑ ሜዳማዋ የቢስክሌት ከተማ ትመቻለች። ጣና ውስጥ መዋኘት ግን ለቢልሃርዚያ ሊያጋልጥ ይችላል።

ሒሳቡ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ውጭ የተጎዳ ተቀጣሪ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ቀሪዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በድምሩ በ6 ወር የ2 ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር ደግሞ 75 በመቶ ስለሚከፈለው የ5 ወር ከሩብ ያገኛል፤ ከዚያም እስከ ዓመቱ ግማሽ ይቀጥላል።

በቃል ስምምነት የሚሠራ ጫኝና አውራጅ ይህን መብት በማስረጃ ማስደገፍ ይቸግረዋል፤ ለራሱ የሚሠራው ደግሞ የሚጠይቀው አሠሪ የለውም። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው ለ6 ወር ቢተኛ የ156 ቀን ገቢ ያጣል። ሳይድን ጆንያ እንዲሸከም የሚያስገድደውም ይኸው ነው፤ ያልጸና ጉልበት እንደገና ሲከዳ ደግሞ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ አጥንት ሊቀደድ ይችላል።

በመሆኑም ተቀጣሪ የሆነ ሰው በተጎዳበት ዕለት ለአሠሪው ማሳወቅና የሐኪም ወረቀት መያዝ ይበጀዋል። የዚያች ወረቀት ዋጋ በ6 ወር ውስጥ ብቻ ከ3 ወር ደመወዝ በላይ ነው።