የመኪና ቀለም ጭረትና የነጋዴው ኪሣራ

ለጅጅጋና ለአካባቢዋ ነጋዴ መኪና እንደ ሁለተኛ ሱቅ የሚቈጠር ነው። ዕቃ የሚመጣው በርሱ ነው፤ ደንበኛ የሚጐበኘው በርሱ ነው፤ ችግር በደረሰም ጊዜ ተሸጦ ገንዘብ የሚሆነው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ስለ ሞተሩ የምናስበውን ያህል ስለ ቀለሙ አናስብም፤ ለጌጥ ብቻ የተቀባ ይመስለናልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀለም የላሜራው ልብስ ነው፤ ልብሱ የተቀደደበትን ላሜራ ዝገት ይበላዋል።

ባለፉት ዓመታት ይህ ጉዳይ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈልባቸውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጁ ያለውን መኪና በደንብ ያልያዘ ሰው በምትኩ ሌላ በቀላሉ አገኛለሁ ብሎ ሊተማመን አይችልም።

የአካባቢያችን መንገድም ለቀለም የሚራራ አይደለም። ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ቀብሪ በያህ ወይም ወደ ሐርትሼክ የሚጓዝ ሰው ከዋናው መንገድ ወጣ ባለ ጊዜ የግራር እሾህ የመኪናውን ጐን ይቧጥጠዋል። ከፊት የሚሄደው ካሚዮን ጠጠር ይወረውርበታል፤ የጅጅጋ ሜዳ ነፋስም አቧራውን ያለብሰዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ እጅ የደረሰ ጥፋት ነው። አሠሪዬ አንድ ጥቁር ሰማያዊ መኪናቸውን ሸጠው በገንዘቡ ዕቃ ሊያመጡ አስበው ነበር። ገዢው ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደስ ላሰኛቸው ብዬ በአቧራ የተሸፈነውን ኮፈን ውሃ ሳላፈስበት በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት። ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ኮፈኑ የሸረሪት ድር የተዘረጋበት መሰለ። ደንግጬ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁና በችኰላ አስቀባሁት፤ አዲሱ ቀለም ግን ከአሮጌው ጋር አልገጠመም። ገዢው ጐንበስ ብሎ ተመለከተና «ይህ መኪና ተጋጭቷል» ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። አሠሪዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ባሰብሁት ቍጥር አፍራለሁ። ከጊዜ በኋላ በሙያው ያረጁ አንድ ቀለም ቀቢ ታሪኩን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ያ ኮፈን የታመመው ቆዳው ላይ ነበር፤ አንተ ግን ሥጋውን አስቈረጥኸው» አሉኝ።

የንግግራቸው ምሥጢር እንደሚከተለው ነው። ከላሜራው በላይ በመጀመሪያ ዝገትን የሚከላከል ቀለም አለ፤ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአብዛኞቹ የዛሬ መኪናዎች እንደ መስተዋት የጠራ ቬርኒሽ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከማናቸውም ሥራ በፊት ጭረቱ እስከ የትኛው ድርብ እንደ ደረሰ መለየት ያስፈልጋል።

መለያውም ቀላል ነው። መኪናው በሚገባ ከታጠበ በኋላ ጭረቱን በውሃ ማራስ ነው። እርጥብ ሳለ ከጠፋ ጉዳቱ በቬርኒሹ ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥፍርን በጭረቱ ላይ አግድም ማስኬድ ነው። ጥፍር ካልያዘው በፖሊሽ ይድናል፤ ከያዘው ግን ጥልቅ ነው። ላሜራው ከታየ ደግሞ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም።

ለመጀመሪያው ዓይነት መኪናውን በጥላ ሥር አቁሞ፣ ላሜራው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ፖሊሹን በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት በጥቂት ማሸት ይበቃል። ጠንከር ላለው ቍጥር 2000 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጡ በቀስታ አስኪዶ ፖሊሽ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን በጠርዝና በማዕዘን ላይ ቀለሙ ቀጭን ስለ ሆነ እጅን መሰብሰብ ይገባል። ፖሊሽ በተደረገ ቍጥር ቬርኒሹ እንደሚሳሳም አይዘንጋ።

ለሁለተኛው ትክክለኛው ቀለም ያስፈልጋል። ይህም በዓይን ግምት የሚገዛ ሳይሆን በመኪናው ላይ በተለጠፈው ቍጥር የሚታዘዝ ነው። ለምሳሌ በብዙ ቶዮታ መኪናዎች በሹፌሩ በር ግድም ባለው ሰሌዳ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ፊደል አጠገብ ይገኛል፤ የታወቀው ነጭ 040 ነው። ቦታው በአልኮል ከጸዳ በኋላ ቀለሙ በቀጭን ብሩሽ፣ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደገመ ይቀባል፤ በመጨረሻ ቬርኒሽ ይከተለዋል።

ሦስተኛው የባለሙያ ሥራ ነው። ዝገቱ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ስቱኮ የሚሞላው ጐድጓዳ ከሆነ ብቻ ነው። በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ቍስል ሳያጥቡ ማሰር ማለት ነው፤ የካረን ዝናም ሲመጣ ከሥሩ አብጦ ይነሣል። የሚረጨውም ቀለም አቧራ በማይገባበት ቤት ይሁን፤ ሠራተኛውም ተገቢውን የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ ማጠንከሪያ ያለበት ቀለም ጭስ ሳንባን ይጐዳልና።

አንዳንዶች እንዲያበራ ብለው መኪናውን በናፍጣ ይወለውላሉ፤ ይህ ለጥቂት ሰዓት ያበራል፤ ከዚያ አቧራን ይሰበስባል። በጥርስ ሳሙናና በብረት ሽቦ ማሸትም እንዲሁ ጉዳት ይጨምራል እንጂ አያድንም።

እንግዲህ መኪናውን ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ወደ ጋራዥ ከመሮጡ በፊት አንድ ባልዲ ውሃና የራሱን ጥፍር ይጠይቅ። ጭረቱ ካልወጣለትም ለገዢው በግልጽ ቢነግረው ይሻላል። ገዢ ያየውን ጭረት ዋጋ ቀንሶ ያልፈዋል፤ ከአዲስ ቀለም በታች ምን እንደ ተሸሸገ ባላወቀ ጊዜ ግን መኪናውንም ሻጩንም ይጠራጠራል።