የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያዎች ሥልጠና

ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው በርካታ ሕፃናት በቤት ውስጥ ተደብቀው፣ አንዳንዶቹም ታስረው እንደሚያድጉ ይታወቃል። ለዚህም ችግሩን ከእርግማን ጋር የሚያያይዘው የተሳሳተ አመለካከት በምክንያትነት ይጠቀሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚዘዋወሩ ሕፃናቱን ቀድመው የማግኘት ዕድል አላቸው፤ ምልክቱን ለይተው ካላወቁ ግን ዕድሉ ይባክናል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው፣ በአዲስ አበባና በቡታጅራም የተሞከረው የክህሎት ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችንና 3 የቤት ጉብኝቶችን የያዘ ሲሆን፣ ስፔሻሊስት ባይሆኑም ሥልጠናና ክትትል ባገኙ ሠራተኞች አማካይነት እንዲሰጥ የተነደፈ ነው። ሠራተኛው በቅድሚያ ሊጨብጠው የሚገባው ቁም ነገር ሕፃኑ ሲጮህ ወይም ራሱን ሲመታ «አስቸጋሪ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ በቃል ሊገልጸው ያልቻለውን ፍላጎት መፈለግ እንዳለበት ነው። ልብስ መልበስን የመሰለ ተግባርም በትናንሽ ደረጃዎች ተከፋፍሎ ይለመዳል።

ይህ ክህሎት በአዳራሽ ገለጻ ብቻ ስለማይገኝ፣ ሠልጣኙ በሥራ ላይ እያለ እየታየ ሊታረም ይገባል። የሥልጠና ዕቅድ የሚያወጡ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ከአበሉ ጎን ለጎን ለድጋፍ ጉብኝቱ የሚያስፈልገውን የትራንስፖርት ወጪ አስቀድመው በበጀት ቢይዙ መልካም ነው።