ጣት ያላረፈበት ሚዛን

አትክልት ተራ ሽንኩርት የገዛ ሰው ሚዛን በሁለት መንገድ እንደሚያጎድል ያውቃል። በአንደኛው ነጋዴው ሲመዝን ሳህኑን በጣቱ ጫን ያደርጋል። ይህ ሌብነት ነው፤ የደረሰበት ሰው ይጣላዋል። በሁለተኛው ግን የሚዛኑ ሞላ ከአገልግሎት ብዛት ላልቷል። ነጋዴው በማርያም ብሎ ቢምል እውነቱን ነው፣ ጣቱን አላሳረፈም። ሽንኩርቱ ግን ዛሬም ከኪሎ ይጎድላል፣ ነገም ይጎድላል፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አይተርፍም።

«አድልዎ» ወይም «ወገንተኝነት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የመጀመሪያው ነው፦ ዘመዱን የቀጠረ ኃላፊ፣ ጉቦ የበላ ዳኛ፣ የተሰጠውን የሚያነብ ጋዜጠኛ። የሥነ ልቦና አጥኚዎች ብዙ የደከሙት ግን ሁለተኛውን ሲፈትሹ ነው። «የአስተሳሰብ ዝንፈት» እንበለው። የሚዘንፈው ቅን ሰው ነው፤ መዝነፉንም አያውቀውም።

ከጓደኛዬ ጋር ኳስ የምናይበት ቤት አለ። እሱ አርሰናል ነው፣ እኔ ማንቸስተር። አንድ ቅዳሜ የእኛ ተከላካይ የእነሱን አጥቂ ሳጥን ውስጥ ጠልፎ ጣለው ተባለና ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ቫር ታየ፤ ነገሩ ከአራት አቅጣጫ በዝግታ ተደጋገመ። በተደጋገመ ቁጥር ለእኔ ኳሷን ብቻ እንደነካ እየጠራ መጣ፤ ለእሱ ደግሞ እግሩን እንደመታው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪን። «ዐይን የለህም እንዴ?» ተባባልን፤ ሁለታችንም ከልባችን ነበር።

ይኸው ነገር ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 የፕሪንስተንና የዳርትማውዝ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ተጫወቱ። ጨዋታው ድብድብ ነበር ማለት ይቻላል፦ የፕሪንስተኑ ኮከብ አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፣ ከዳርትማውዝ ደግሞ አንዱ እግሩ ተሰበረ። የሁለቱም ተማሪዎች ጋዜጣ ጥፋቱን ወደ ወዲያኛው ወረወረ። ከዚያ አልበርት ሃስቶርፍ ከዳርትማውዝ፣ ሃድሊ ካንትሪል ከፕሪንስተን ሆነው የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳዩ፤ ጥፋት ያያችሁበትን ሁሉ መዝግቡ አሏቸው። የፕሪንስተን ልጆች የዳርትማውዝ ቡድን በአማካይ 9.8 ጥፋት ሲሠራ አዩ። የዳርትማውዝ ልጆች በዚያው ፊልም፣ በዚያው ቡድን ያዩት 4.3 ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ቁጥሩን ሳይሆን ቴሌግራሙን ነው። ፊልሙ ለቀድሞ የዳርትማውዝ ተማሪዎች ተልኮ ነበር፤ አንዱ ለጓደኞቹ ከማሳየቱ በፊት አየውና «ዋናው ክፍል ተቆርጧል፣ የጎደለውን ላኩልኝ» የሚል መልእክት ላከ። የተቆረጠ ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት ይህን ወደ ዜና አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቤይሩት ውስጥ፣ በሳብራና ሻቲላ ስለተፈጸመው እልቂት የተላለፈ የቴሌቪዥን ዘገባ ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረቦች ደጋፊዎች ታየ። ሁለቱም ወገን ያዩት አንድ ዘገባ ነው፤ ሁለቱም «በእኛ ላይ ያደላ ነው» አሉ። አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው ስለ አንድ ዜና በስልክ ሲጨቃጨቁ የሚያመሹ ወንድማማቾች ያሉት ቤተሰብ ይህን ለማመን ጥናትም አያሻው። እዚህ ላይ አንዳንድ አዘጋጆች የሚወዷት መከላከያ ትዝ ትለኛለች፦ «ሁለቱም ወገን ከሰደበን መሀል ላይ ነን ማለት ነው።» አይደለም። የተበላሸ ሚዛንንም ሻጩም ገዢውም ሊረግመው ይችላል።

ደግሞም ዜና ሳይዋሽ ይዘንፋል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላኩት የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ፤ እህልና ገንዘብ ጎረፈ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ አንድም ምስል የውሸት አልነበረም። ይሁን እንጂ ያኔ ያልተወለደ የእኛ ልጅ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ትምህርት ቤት ገብቶ «አገርህ ምግብ አለ?» ተብሎ ተጠይቋል። ዘገባው የኮረምን ሜዳ አሳየ፤ የጅማንና የኢሉባቦርን ደን የሚያሳይ ግን ማንም አልመጣም። አእምሯችን ቶሎ ትዝ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አድርጎ ይቆጥራል። አውሮፕላን ሲወድቅ ሳምንት ሙሉ ይወራል፣ የመንገድ አደጋ በአንድ መስመር ያልፋል፤ ስለዚህ አውሮፕላን እፈራለሁ ብሎ በሌሊት አባዱላ የሚሳፈር ዘመድ አለኝ።

በዋጋም ላይ ሚዛናችን እንዲሁ ይዘንፋል፤ መርካቶ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ነጋዴው ለጃኬት 6000 ብር ይጠራል፣ ተከራክረህ በ3800 ትወስድና ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። ሲጀምር 3000 ብሎ ቢሆን 3800 የሚባል ቁጥር ከአፍህ አይወጣም ነበር። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን ይህንን በቁማር ጎማ አሳይተዋል። ጎማው ይሽከረከርና 10 ወይም 65 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሰዎቹ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ስንት በመቶው አፍሪካዊ እንደሆነ ይጠየቃሉ። 10 የደረሳቸው መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ፣ 65 የደረሳቸው 45። ጎማው ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል፤ የመርካቶውን ነጋዴ ማንም አላስታወሰውም።

ከአንድ ሰው አልፎ የብዙ ሰው ሥራ ሲዘንፍ ደግሞ ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆነው ፎቶ አይቶ «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» የሚሉ የሦስት ኩባንያዎች ሲስተሞችን ፈተኑ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥቁር ሴቶችን አሳስትልን ብሎ ያዘዘ ሰው አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነው፦ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ይፈተኑባቸው የነበሩት የታወቁ የፎቶ ስብስቦች ራሳቸው በአብዛኛው ነጣ ባሉ ፊቶች የተሞሉ ነበሩ። መመዘኛው ድንጋይ ራሱ ጎደሎ ከሆነ ሚዛኑ ሁልጊዜ ፈተናውን ያልፋል። አጥኚዎቹ ስለዚህ ሌላ ድንጋይ ጠረቡ፤ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን የምክር ቤት አባላትን 1270 ፎቶ ሰበሰቡ። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ ሲስተማቸውን አሻሻሉ።

ለግለሰብ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ለእኔ የሚቀርበው ማሊያ መቀየር ነው፦ ይህንኑ ነገር የእኔ ወገን ቢያደርገው፣ ወይም ይህንኑ ዜና የማምነው ጣቢያ ቢያወራው ምን እል ነበር? ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ያሳፍራል።

ስለ ዝንፈት ማወቅ ብቻውን ያድናል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ኤሚሊ ፕሮኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስለነዚህ ዝንፈቶች ካነበቡ በኋላ እናንተስ ምን ያህል አለባችሁ፣ ሌላውስ ሲባሉ፣ በጥቅሉ ራሳቸውን ከሌላው የተሻሉ አድርገው አስቀመጡ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ይህን ጽሑፍ ሳላወጣው ለጓደኛዬ ላክሁለት። አንብቦ ሲጨርስ «ጥሩ ነው፤ በተለይ ራስህን የገለጽክበት ቦታ» አለኝ። እኔ እኮ ሙሉውን የጻፍኩት እሱን እያሰብኩ ነበር። ተከላካዩም ቢሆን የነካው ኳሷን ነው።