የማሳ ጠባቂው ጠመንጃ መንገድ ሲወጣ

ድንች መሬት ውስጥ ማበጥ ሲጀምርና ገብስ ሲያሸት በገሳይና በጉና ተራራ ግርጌ ያሉ አርሶ አደሮች ሌሊቱን ይከፋፈሉታል። አንዱ ማሳው ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ያድራል፤ ሌላው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ይቀይረዋል። ጃርት ድንቹን በሌሊት ከሥሩ ፈልፍሎ ይበላል። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ቢሆንም፣ ፀሐይ ስትወጣ ከገደሉ ወጥቶ የደረሰ ገብስ ካገኘ በመንጋ ይሰማራበታል። ለዚህ ጥበቃ ከወንጭፍና ከጅራፍ ቀጥሎ የሚነሣው ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃው ግን ማሳ ዳር አይበቅልም። ከቤት ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ቤት ይመላለሳል፤ ለምዝገባ ወይም ለጥገና ሲሆን ደግሞ በመኪና ተጭኖ ደብረ ታቦር ድረስ ይሄዳል። ስለ ተኩሱ ብዙ ይወራል፤ ስለ ጉዞው የሚናገር ጥቂት ነው።

መሣሪያ ማጓጓዝ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከመድፉ ቀድሞ መንገዱ መጠረግ ነበረበት። የዛሬው አርሶ አደር ሸክም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ርዝመቱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ከአያት የተረፈው ውጅግራ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ይረዝማል፤ ክላሽ ሰደፉ ሳይታጠፍ 90 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውጅግራውን ይዞ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አፈሙዙን የት ሊያዞረው ነው? ወይ ወደ ሾፌሩ፣ ወይ ወደ ጎኑ ተሳፋሪ፣ ካልሆነም ወደ መንገደኛ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ባዶነቱ ነው። ጠመንጃ መንገድ ሲወጣ ጥይት የጎረሰ መሆን የለበትም። ካዝናው ይወለቃል፤ ከዚያ ተከፍቶ የጎረሰ ጥይት አለመቅረቱ በዓይንም በጣትም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወለቅ ከተከፈተ፣ ሲዘጋ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቱ በዝናር ወይም በሌላ ከረጢት ለብቻው ይያዛል። የደህንነት መጠበቂያውን ብቻ አምኖ የጎረሰ ጠመንጃ ማንገት፣ በተለይ ባረጁት መሣሪያዎች፣ የሰው ሕይወት በዛገ ብረት ላይ ማንጠልጠል ነው።

በእግር ሲኬድ ከባዱ ቦታ እርከኑ፣ ቦዩና አጥሩ ነው። በክረምት የጉና ዳገት ያንሸራትታል። ቦይ ለመሻገር የተነሣ ሰው ባዶውን ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ማዶ፣ አፈሙዙን ከራሱ አዙሮ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይሻገራል፤ ከዚያ ያነሣዋል። በአፈሙዙ ይዞ ወደ ራሱ የሚጎትት ሰው ግን ብዙ ጊዜ እናያለን። በአይሱዙ ላይ ከድንች ጆንያ መሐል ጠመንጃ መሸጎጥም እንዲሁ መጥፎ ልማድ ነው። ጆንያው ሲንሸራተት ቃታ ይነካል። ከዚህም በላይ ሕገወጥ መሣሪያ በእህልና በአትክልት ጭነት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያልፍ፣ ኬላ ላይ የሚፈትሽ ፖሊስ ሕጋዊውን ከሕገወጡ የሚለይበት መንገድ የለውም። ጭነቱ ይራገፋል፤ ድንቹ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ የሌሎቹም አርሶ አደሮች ገበያ ያልፋቸዋል።

ዝናብን ለመከላከል አፈሙዝ ውስጥ ጨርቅ መወተፍም የተለመደ ነው። ጨርቁን ረስቶ መተኮስ ብረቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ጭቃና ሣርም ያው ናቸው። ጠመንጃው ከውጭ በሸራ ወይም በላስቲክ ቢሸፈን ይበቃዋል፤ ማሳ ሲደረስ አፈሙዙ ክፍት መሆኑ ሳይታይ ጥይት አይጎርስም።

በዚህ መሐል አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። የውጭ አዳኞችን በስልክ ቪዲዮ የሚያይ ወጣት፣ በአፈሙዝ ላይ የሚጠመቀውን ድምፅ ማፈኛ፣ በተለምዶ ሳይለንሰር የሚባለውን፣ ለማሳ ጥበቃ ቢመኝ አይደንቅም። ነገሩን ለንግድ ያበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ነበር። አባቱ የማክሲም መትረየስን የሠራው ሰው መሆኑ የሚገርም ነው፤ አባት ያንጫጫውን ልጅ ሊያፍን ተነሣ። አሠራሩ ከመኪና ማርሚታ ጋር ይመሳሰላል። ከጥይቱ ኋላ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በክፍልፋዮች መሐል እየተመላለሰ ኃይሉን ያጣል፤ በዝግታም ይወጣል።

ፊልም እንደሚያሳየው ግን ጸጥ አያሰኝም። የረጅም ጠመንጃ ተኩስ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ማፈኛው ከዚህ የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ነው፤ የቀረውም ጆሮ የሚያስይዝ ነው። በዚያ ላይ የጥይቱን የራሱን ጩኸት አይነካውም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የክላሽ ጥይት 700 ሜትር ያህል። ከድምፅ የፈጠነ ነገር አየሩን ይሰነጥቀዋል። ይህን የደብረ ታቦር ልጅ ለማስረዳት ፊዚክስ አያስፈልግም፤ ነሐሴ 13 በቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ የሚጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ይቀድማል።

ኖርዌይና ፊንላንድን በመሳሰሉ አገሮች አዳኞች ማፈኛውን በሰፊው የሚጠቀሙት የራሳቸውንና የውሻቸውን ጆሮ ለመጠበቅ፣ ሰፈርም ላለመረበሽ ነው። የገሳይ ማሳ ጠባቂ የሚተኩሰው ግን ለጩኸቱ ነው። ጭላዳውን ወደ ገደሉ የሚመልሰው ድንጋጤው ነው፤ ጎረቤትን የሚያነቃውም ያው ጩኸት ነው። ጠመንጃውን ያፈነ ጠባቂ ጥይቱን አውጥቶ ጥቅሙን ትቶታል። ከዚያ ውጭ የሚቀረው አውሬውን በዝምታ መግደል ነው። ያ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ጭላዳም ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም የሌለ እንስሳ ነው።

ለጉዞውም ቢሆን ማፈኛ ሸክም እንጂ እርዳታ አይደለም። ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ክብደቱ ሁሉ ጫፍ ላይ ያርፋል። 1 ሜትር ከ30 የነበረው ጠመንጃ ከሰው ትከሻ በላይ ተርፎ ቅርንጫፍ ይጠልፋል። በጉዞ ሲናጥ ጥምቀቱ ይላላል፤ የላላ ማፈኛ ደግሞ ከአፈሙዙ ጋር ስለማይገጥም ጥይቱ ክፍልፋዮቹን ሊመታና ሊበጣጥሰው ይችላል። ከተተኮሰ በኋላ ያቃጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እርጥበት ያቁራል፤ በእኛ ደጋ እርጥበት ማለት ዝገት ነው። በሚፈቀድባቸው አገሮች እንኳ ሥርዓት ያላቸው አዳኞች ለጉዞ ፈትተው ለብቻው ያስቀምጡታል።

ለስፖርት አደን በቦሌ በኩል ወደ አገራችን የሚገቡ የውጭ ዜጎችን አያያዝ ማየትም ይጠቅማል። ወደ ባሌና አርሲ የሚያቀናው የደጋ አጋዘን አዳኝ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን ነው የሚያመጣው። ጥይቱ ለብቻው ይታሸጋል፤ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ መሠረትም ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። የመሣሪያው ቁጥር ከፈቃዱ ጋር ይመሳከራል። ሣጥኑን መግዛት ለአርሶ አደሩ ቅንጦት ይሆናል። ባዶ ማድረጉ፣ ጥይቱን መለየቱና ወረቀቱን መያዙ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ወረቀቱ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ መሥርቶ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ጸጥታው ባልረጋበት ጊዜ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ማሳ ጠባቂ መሆኑን ከፊቱ ማንበብ አይቻልም። ከመነሣቱ በፊት ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ፖሊስ ማሳወቅና መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ ለባለጠመንጃውም ለፈታሹም ይበጃል። ካልተፈቀደም ጠመንጃው ቤት ተቆልፎ ይዋል።

እዚህ ላይ የወረዳ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። አንድ አርሶ አደር መሣሪያውን ለማስመዝገብ በሌሊት ተነሥቶ ረጅም መንገድ እንዲያመላልሰው ማድረግ፣ የምንፈራውን ጉዞ ራሳችን ማብዛት ነው። መዝጋቢው በየቀበሌው በተቆረጠ ቀን ቢዞር የሚንቀሳቀሰው አንድ መዝገብ ይሆናል እንጂ መቶ ጠመንጃ አይሆንም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የማሳ ጥበቃን ለጠመንጃ ብቻ ባይተዉት ጥሩ ነው። አጎራባች ማሳዎች ገብስና ድንቻቸውን በተቀራረበ ጊዜ ቢዘሩ ጥበቃውን በወል ማድረግ ይቻላል። ጃርት የሚገባበት በኩል በድንጋይ ካብ ቢዘጋ፣ ጅራፉ፣ ቆርቆሮውና ውሻው እየተፈራረቁ ቢሠሩ አውሬው አንዱን ቶሎ አይለምደውም። ይህ ከሰብሉ መድረስ በፊት በቀበሌ ስብሰባ ሊያዝ የሚችል አጀንዳ ነው፤ የማደሪያ ተራው፣ የማን ማሳ ከየትኛው ገደል እንደሚዋሰን፣ ጠመንጃ የሚይዘውም ማን እንደሆነ በዚያው ቢጻፍ፣ ሌሊት ተኩስ የሰማ የቀበሌ ኃላፊ ከየትኛው ጎጆ እንደመጣ ያውቃል።