ኮምፒዩተሩ ለምን ዝም ይላል?

አንባቢ ሆይ፤ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ ለመሄድ ከሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገብተው የሚያውቁ እንደ ሆነ የዚህን ጽሑፍ እኩሌታ አስቀድመው ተምረውታል። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። እርስዎ ከሁሉ ቀድመው ገብተዋል፤ ሒሳብዎም በእጅዎ ነው፤ የሚያስቸኩል ጉዳይም አለዎት። ታክሲው ግን አይነቃነቅም። ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሾፌሩም አልጠፋም። የቀሩት መቀመጫዎች እስኪሞሉ ይጠብቃል እንጂ። ሜክሲኮ ላይ ቆሞ እርስዎን የሚጠብቀው ወዳጅዎ ግን ይህን ሁሉ አያይምና «ቀረ፤ አንድ ነገር ሆኖ መሆን አለበት» ብሎ ይደመድማል።

እኔም እንደዚያ ወዳጅዎ ሆኜ አንዲት ተማሪዬን ያለ ጥፋቷ ገሥጫታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የማስተምረው በዚሁ በልደታ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ጧት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከክፍል በኋላ ደግሞ የኮምፒዩተር ክበቡን እመራለሁ። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሥልጠና ዕቅድ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የሚሹ ተማሪዎች በርክተውልኛል፤ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ግን እንደ ተማሪዎቹ አልበረከቱም።

ከክበቡ አባሎች አንዲቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሚማሩበት ክፍል ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ተማሪውን ያስተኛዋል። ልጆቹ ደጋግመው አመለከቱ፤ የተሰጣቸው መልስ ግን «ወጣት ሙቀት ይፈራል ወይ?» የሚል ነበር። ይህች ልጅ ታዲያ በአፍ ከመከራከር በቁጥር መከራከር ይሻላል አለችና ትንሽ የሙቀት መለኪያ ሊኑክስ ከተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋራ በሽቦ አገናኘች። ከዚያም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በየደቂቃው ሙቀቱን እያነበበ አንዳንድ መስመር የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጀች። መስመሩ «ሰዓት 2:17 ሙቀት 17» የመሰለ ነው። በማግሥቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ስለ ነበረ ዳይሬክተሩ ይህን ዝርዝር ያዩት ዘንድ ታስቦ ነበር።

በዋዜማው ማታ ፕሮግራሙን በስክሪን ላይ ፈተነችው። በየደቂቃው አንድ መስመር ብቅ ይል ነበር፤ እኔም አይቼ አመሰገንኋት። በማግሥቱ ከጧቱ 2:30 ላይ ያንኑ ፕሮግራም አስነሣችና ውጤቱ በስክሪን ላይ መታየቱ ቀርቶ ወደ ፋይል እንዲገባ አደረገች። ከፕሮግራሙ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልለወጠችም። በ4 ሰዓት ፋይሉን ብትከፍተው ባዶ ነው። መጠኑ ዜሮ ባይት ይላል።

«ቲቸር፤ ምንም አልጻፈም» አለችኝ።

«ሳትፈትኚው አስነሣሽው እንዴ? አንድ ቦታ ላይ ተሰናክሎ ቆሞ ይሆናል።»

«ትናንት ሠርቶ ነበር እኮ! ራስዎ አይተውታል።»

እውነትዋን ነበር። እኔ ግን ክፍል ጥሪ ነበረብኝና «ጥንቃቄ ጎድሎሻል» ብያት ሄድሁ። ከቀኑ 6:40 ላይ መብራት ጠፋ። በተመለሰ ጊዜ ፋይሉ እንደ ተወለደ ባዶውን ነበር። የኤግዚቢሽኑ ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ሽቦዋን ጠቅልላ በቦርሳዋ ከተተች፤ ይህ ከማልቀስ ይልቅ ከበደኝ።

በሚቀጥለው ቀን አብረን ተቀምጠን ፕሮግራሙን እንደ ነበረ አስነሣነው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ፋይሉ ባዶ ነው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ኮንትሮልና ሲ የተባሉትን ቁልፎች ተጭነን አቆምነውና ፋይሉን እንደ ገና ከፈትነው። 30ው መስመር በተራ ተሰልፎ ተቀምጧል! ፕሮግራሙ ሙሉውን ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። የጻፈውን ግን ይዞት ነበር።

የት ይዞት ነበር? አንባቢዬ ይህን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ፕሮግራም ሲጽፍ በቀጥታ በስክሪን ወይም በዲስክ ላይ አይጽፍም። ይህን የሚያደርግለት ሊኑክስን ወይም ዊንዶውስን የመሰለው የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ሥርዓት ነው። ፕሮግራሙ ሥርዓቱን በጠራ ቁጥር ጊዜ ይጠፋል። አንድ ጸሐፊ አንድ ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ተላላኪውን ወደ መዝገብ ቤት ቢልክ ተላላኪው ቀኑን ሙሉ በደረጃ ላይ ሲመላለስ ይውላል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ደብዳቤዎቹን በዶሴ አጠራቅሞ ባንድ ጊዜ ይልካል። የፕሮግራም ቋንቋዎችም እንዲሁ በማስታወሻቸው ውስጥ አንድ ማጠራቀሚያ አላቸው፤ የሙያው ሰዎች በፈር ይሉታል። መጠኑ ብዙ ጊዜ 4,096 ወይም 8,192 ባይት ነው። አንድ ሚሊዮን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ቢላክ አንድ ሚሊዮን ጥሪ ይሆናል፤ 8,192 በሚይዝ ማጠራቀሚያ ቢላክ ግን 123 ጥሪ ይበቃል። እንግዲህ ማጠራቀሚያው የተፈጠረው ለተንኮል ሳይሆን ለቁጠባ ነው።

የልጅቱን ሒሳብ እንሥራው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። የእንግሊዝኛ ፊደልና እንዲህ ያለው ቁጥር ግን 1 ባይት ይበቃቸዋል። «ሰዓት 2:17 ሙቀት 17» የሚለው መስመር ከነባዶ ቦታውና ከነመስመር መጨረሻው 28 ባይት ነው። የእርስዋ ፓይተን 8,192 ባይት እስኪሞላ የሚጠብቅ ነበርና ማጠራቀሚያው ሞልቶ የሚፈሰው በ293ኛው መስመር ላይ ነው። በየደቂቃው አንድ መስመር ከሆነ ወደ 5 ሰዓት ያህል መጠበቅ አለባት። መብራት የጠፋው ደግሞ ከተነሣ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። 250 መስመር፥ ማለት 7,000 ባይት ያህል፥ ተሰብስቦ ታክሲው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንዳለ ጠፋ። (በእንግሊዝኛ ጽፋው ቢሆን መስመሩ ስለሚያጥር ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ትጠብቅ ነበር። ፊደላችን ቦታ ያበዛል እያሉ ለሚያማርሩ ይህን አንድ ነገር በእኔ በኩል መዝግቡልኝ።)

ታዲያ በዋዜማው በስክሪን ላይ ለምን ወዲያው ታየ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቋንቋው ወደ ማን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይመረምራል። ከወዲያ በኩል ስክሪን ካለ፥ ሰው እየተመለከተ ነው ማለት ነውና አንድ መስመር ባለቀ ቁጥር ይለቃል። ፋይል ወይም ሌላ ፕሮግራም ካለ ግን «የሚቸኩል ሰው የለም» ብሎ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ይይዛል። የስሕተት ማስታወቂያ የሚወጣበት ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ በእርሱ የሚሄደው እስኪሞላ አይጠበቅም። የአምቡላንስ መንገድ ነው ልንል እንችላለን።

ይህ ልማድ የመጣው ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓትና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሠራው ሲ ከተባለው ቋንቋ ነው። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ኮንሶል ዛሬ የምናየው ስክሪን አልነበረም፤ በወረቀት ላይ እየመታ የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር ነበር። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ለአማርኛ ፊደል ያበጁት ቴሌፕሪንተርም የዚሁ መኪና ወንድም ነው። መኪናው ከቤታችን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ዛሬም በሊኑክስ ላይ ኮንሶሉ «ቲቲዋይ» ይባላል፤ ይህም የቴሌታይፕ አጭር ስም ነው። ፓይተንም «ከወዲያ በኩል ቲቲዋይ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

መፍትሔው አጭር ነው። በፓይተን ፕሪንት ከሚለው ትእዛዝ ጋራ ፍላሽ የሚለውን ቃል «እውነት» አድርጎ መጨመር ነው። ይህ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፥ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ይቻላል። (በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ አይደለም፤ ይህኛው «ያለውን ሁሉ ልቀቅ፤ አፍስስ» ማለት ነው።) ፕሮግራሙን መንካት የማይፈልግ ሰው ፓይተንን ሲያስነሣ ሰረዝና ዩ የሚባለውን ትንሽ ፊደል ያክልበታል፤ ያን ጊዜ ሳይጠራቀም ይወጣል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ኤፍፍላሽ የሚባል ትእዛዝ አለ። ተማሪ ሳለሁ አንድ የሲ ፕሮግራም «ስምዎን ያስገቡ» ማለት ሲገባው ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ፥ እኔም ዝም ብዬ ስጠብቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ተፋጥጠናል። ጥያቄውን በማጠራቀሚያ ይዞ መልስ ይጠብቅ ነበር።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ማጠራቀሚያውን ፈጽሞ መዝጋት ይሻላል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በየደቂቃው አንድ መስመር ለሚጽፍ ፕሮግራም ምንም አይጎዳም፤ አንድ ሚሊዮን መስመር በጥድፊያ ለሚጽፍ ግን ተሳፋሪውን አንድ በአንድ እንደሚያመላልስ ታክሲ መሆን ነው።

ከዝምታው ይልቅ የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ። ፕሮግራም በድንገት ሲሞት፥ ለምሳሌ በሲ የተጻፈው ሲወድቅ ወይም ሥርዓቱ በግድ ሲገድለው፥ በማጠራቀሚያው ያለው አብሮ ይሞታል። መርማሪው በመጨረሻ የታየውን መስመር አይቶ «የሞተው እዚህ ላይ ነው» ይላል። ፕሮግራሙ ግን ከዚያ አልፎ መቶ መስመር ሄዶ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም መደበኛው ውጤትና የስሕተቱ ማስታወቂያ ባንድ ፋይል ቢገቡ፥ ማስታወቂያው ቀድሞት ከተጻፈው መስመር በላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ የኋለኛው ፊተኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ «ፕሮግራሜ ቆመ» ሲሉኝ፥ አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው ውጤቱ ወዴት እንደ ተላከ ነው። ወደ ፋይል ከሆነ በስክሪን ላይ አስነሥቶ ማየት፥ ወይም ፍላሽ ጨምሮ መሞከር ነው። ልዩነት ከታየ ጥፋቱ በፕሮግራሙ ሐሳብ ላይ አይደለም።

እንግዲህ ፍላሽ ጨመርን፤ በየደቂቃው ፋይሉ አንድ መስመር ሲያድግ አየን፤ ደስ አለን። ልጅቱ ግን «ቲቸር፤ አሁን መብራት ቢሄድስ?» አለችኝ። እኔ «ምንም አይሆንም» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ባለፈው ስላፈርሁ ግን መጽሐፍ ተመለከትሁ። ደግ አደረግሁ፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበርና። ፍላሽ መስመሩን ከፕሮግራሙ አውጥቶ ለሊኑክስ ያስረክባል እንጂ ዲስክ ላይ አያደርሰውም። ሊኑክስም በበኩሉ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ እንደ ልማዱም ከሆነ የተረከበውን 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። ከልደታ ተነሥቶ ሜክሲኮ የደረሰ ሰው ገና ቤቱ አልገባም፤ ሁለተኛ ታክሲ ይጠብቀዋል። ፕሮግራሙ ቢሞትም ሊኑክስ የተረከበውን አይጥልም፤ መብራት ከጠፋ ግን በማስታወሻው ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ ኤፍሲንክ የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ «ዲስኩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አልንቀሳቀስም» ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ በአንድ አንቀጽ ታልፏል፤ መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ቢጻፍ ኖሮ ግን አንድ ምዕራፍ በተሰጠው ነበር።

ሁለቱንም ትእዛዞች ጨመረች። በፕሮግራሙ ላይ የተጨመረው ከሦስት መስመር አይበልጥም። ከዚያም ለመፈተን ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ እኔ ራሴ ሶኬቱን ነቀልሁት። እጄ ፈርቶ ነበር። እንደ ገና ሲነሣ የመጨረሻው መስመር ሶኬቱ ከመነቀሉ ከአንድ ደቂቃ በታች የቀደመው ነበር።

ለአምስት የትምህርት ቀናት ያለማቋረጥ ለካች። ጧት በ2:30 17 ወይም 18 የነበረው ሙቀት ከቀኑ በ8 ሰዓት 31 ይደርሳል። ዝርዝሩን በወረቀት አትማ ለዳይሬክተሩ አቀረበች፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ይህ ቁጥር እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስዋም «በ8 ሰዓት መጥተው ከእኛ ጋራ ይቀመጡ» አለቻቸው። እርሳቸውም መጡ፤ ግማሽ ሰዓትም ተቀመጡ። ኮርኒሱ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተሠራም፤ ልኩ ግን ተወስዷል።