በረዶ በር ሲዘጋ፦ ትንንሽ ልጆችን እቤት ስለማስተማር

ትምህርት ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ግቢ፣ ደወል፣ ሰልፍና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ታዲያ ልጅን ጭራሽ ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት እያስተማሩ ማሳደግ ይቻላል ሲባል፣ ያውም ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ በሚወርድበት አገር፣ «እንዴ! ልጁ አያብድም?» ማለታችን አይቀርም። በክፍላችን ይህ ጥያቄ በሻይ ሰዓት ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። ታላቅ እህቴ በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ የአራትና የስድስት ዓመት ልጆቿን እቤት ነው የምታስተምረው። በዚህ ጽሑፍ ከእሷ በስልክ የሰማሁትንና ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በኮርስ የተማርነውን አገናኝቼ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን ባጭሩ። ፈረንጆቹ ሆምስኩል የሚሉት ትምህርት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃምሳውም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በሚኒሶታ የግዴታ ትምህርት ከ7 ዓመት ስለሚጀምር ከዚያ በታች ያለውን ልጅ እቤት ብታስተምር የሚጠይቅህ የለም። ልጁ ሰባት ከሞላው በኋላ ግን ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማሳወቅ አለበት፤ ልጁም በዓመት አንድ ጊዜ አገር አቀፍ መመዘኛ ያለው ፈተና ይወስዳል። ይህ ለሁሉም አገር እንደማይሠራ ልብ ይሏል። በጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ክልክል ነው፤ በስዊድንም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ እጅግ ልዩ ምክንያት ካልኖረ አይፈቀድም። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያለ ዘመድ «እኔም ልሞክረው» ቢል ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ የጥቂቶች ነበር። የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ዳሰሳ፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች በ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ እቤት እናስተምራለን ያሉት 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ 11.1 በመቶ ሆኑ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው ያደገው። ወረርሽኙ በሩን ከፈተው፤ ካለፈ በኋላም ብዙዎች ሳይመለሱ ቀሩ። እህቴ ከነዚህ አንዷ ናት።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። በሴንት ፖል አካባቢ በአንድ የብርድ ወቅት በአማካይ ወደ 130 ሳንቲ ሜትር በረዶ ይወርዳል። በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ለማስወጣት ካልሲ፣ ሱሪ፣ በላዩ ሌላ ሱሪ፣ ሹራብ፣ ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ኮፍያ፣ ጓንት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ በሩ ሲከፈት ልጁ «ሽንቴ መጣ!» ይላል። መቼም ይህን ያልቀመሰ ሰው ስለ ትዕግሥት ባያወራ ይሻላል።

ብዙ ወላጆች በመጀመሪያው ዓመት የሚያደርጉት ክፍሉን እንዳለ ወደ ሳሎን ማምጣት ነው። ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ጠረጴዛ ይገዛል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሒሳብ፣ ከሦስት እስከ አራት ንባብ እየተባለ ፕሮግራም ይለጠፋል። እህቴም እንደዚያ ነበር የጀመረችው፤ በሦስተኛው ሳምንት እሷም ልጆቹም ተላቀሱ። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የእሷ ድክመት አይደለም። ክፍል የተፈጠረው አንድ መምህር አርባና ሃምሳ ልጅ እንዲይዝ ነው። ሁለት ልጅ ላላት እናት ሰልፍና ደወል ምን ያደርግላታል? የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ቁጭ ብሎ ከሚነገረው ይልቅ እጁ የነካውን ነው የሚይዘው። ቤት ውስጥ ያለው ሀብት ሥራው ነው፤ ምግቡ፣ ጽዳቱ፣ በረዶ ጠረጋው። ልጁን ከሥራው አባርሮ «ተማር» ከማለት ሥራው ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

በኮርስ ላይ የተማርነውን የፒያዤን ሙከራ አስታውሱ። ውኃውን ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ጠባቡና ረጅሙ ስንገለብጠው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ያልደረሰ ልጅ «በዛ» ይላል። በረዶ ይህንኑ በነፃ ያመጣልናል። ልጁ አንድ ትልቅ ብርጭቆ አዲስ በረዶ ከደጅ ሞልቶ ያስገባና በኩሽና ሚዛን ይመዝነዋል፤ ቁጥሩም ይጻፋል። ብርጭቆው ተከድኖ ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ከታች የቀረችው ውኃ አንድ አሥረኛ ብትሆን ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ታንሳለች። «ማን ጠጣው?» አለ አሉ ትንሹ፣ ታላቁን በጥርጣሬ እያየ። ከዚያ ድጋሚ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ያው ነው! የጎደለው በበረዶው ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር ነው። ወላጅ እዚህ ላይ ሌክቸር ለመስጠት ይቸኩላል፤ ፒያዤን በትክክል ከተረዳነው ግን አራት ዓመት የሆነው ልጅ በማብራሪያ አያምንም። ነገ ደግሞ ይሙላ፣ ደግሞ ይመዝን። የስድስት ዓመቱ በአራተኛው ቀን ሳይመዘን ቁጥሩን ቀድሞ ተናግሯል። ትንሹ አሁንም ወንድሙን ይጠረጥራል።

በረዶንና የቤት ትምህርትን ያገናኘ አንድ ሰው ልጥቀስ። ዊልሰን ቤንትሊ በ1865 እ.ኤ.አ. በቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ቀደም ሲል አስተማሪ ነበረች፤ እስከ 14 ዓመቱ ድረስ እቤት ያስተማረችው እሷ ናት። አሥራ አምስት ሲሞላው ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ልጁ በበረዶ ቅንጣት ፍቅር ወደቀ። ያየውን ቅርጽ በእጁ ሊስል ቢሞክርም ሳይጨርስ እየቀለጠ አስቸገረው። አባቱ ነገሩ ባይዋጥለትም በመጨረሻ ካሜራ ተገዛለት፤ ጃንዩወሪ 15 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.፣ ሃያ ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ካሜራውን ከማይክሮስኮፑ ጋር አያይዞ የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ አነሣ። በዕድሜው ከ5,000 በላይ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች አንሥቷል፤ ከ2,400 በላይ የሚሆኑትን የያዘው መጽሐፍ በ1931 ታተመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በሳንባ ምች ሞተ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ የልጁ ጉብዝና ብቻ አይደለም። እናትየው ስለ በረዶ ያስተማረችው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዕቃውን ሰጠችው፣ ጊዜውን አልነጠቀችውም።

ማይክሮስኮፕ ባይኖርም ጥቁር ጨርቅና አጉሊ መነጽር ይበቃል። ጨርቁ አስቀድሞ ደጅ ውሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ ቅንጣቷ እንዳረፈች ትቀልጣለች። ትንፋሽም ያቀልጣታል፣ ስለዚህ ልጆቹ አፋቸውን በሻርፕ ይሸፍናሉ። ያኔ ስድስቱ ክንፎች ይታያሉ። ስድስት የሆኑት ውኃ ሲረጋ ሞለኪዩሎቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው ስለሚያያዙ ነው። የተዋበው ኮከብ ግን በየቀኑ አይመጣም፤ ደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው በደንብ የሚያድገው። ሌላ ቀን ዘንግና ስባሪ ብቻ ይወርዳል። ያም ቢሆን ጥያቄ ይሆናል።

ወደ ኩሽና ስንገባ ደግሞ ሊጥ አለ። እህቴ የዳቦ ሊጥ ስታቦካ በሁለት ጠርሙስ እኩል እኩል ትከፍለዋለች፤ አንዱ ማሞቂያው አጠገብ፣ አንዱ መስኮቱ ሥር። ሊጡ ያለበት ቦታ ላይ ልጆቹ የብር ላስቲክ ያስራሉ። በየግማሽ ሰዓቱ እየሄዱ ያያሉ። ማሞቂያው ጋ ያለው ኩፍ ብሎ ላስቲኩን ሲያልፍ የመስኮቱ እንዳለ ነው። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሲበርደው ይዘገያል። ልጆቹ ራሳቸው «እሱም ጃኬት ይፈልጋል» አሉ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ምስር መልቀምም አለ። በባዶ የእንቁላል ካርቶን ባቄላ እየቆጠሩ ገበጣ መጫወትም አለ፤ የ12 እንቁላሉ ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ስላለው ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

እዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይነሣል፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጁ እቤት ከዋለ አማርኛው አይጠፋም ብለው ያስባሉ። ቴሌቪዥንና ታብሌት ካለ ግን ቤት መዋል ብቻውን ምንም አያደርግም፤ እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ቃሉ የሚተከለው ከሥራው ጋር ነው። አቡካ፣ ጥረግ፣ ልቀም፣ ክደን፣ ኩፍ አለ፣ ቀለጠ፣ ረጋ። እነዚህን ከፊደል ገበታ ላይ ማንም አይማራቸውም።

ቃላቱም ራሳቸው ጨዋታ ያመጣሉ። እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠሩንም፣ በማቀዝቀዣ የረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውንም ነው። ደጋ ላይ ሰብል የሚመታው ውርጭ ነው፤ በቆዩ ጽሑፎች ደግሞ አመዳይ የሚል ቃል አለ። በረዶ ለአገራችን ጨርሶ ባዕድ ነው ማለትም አይደለም። አንድ ንጉሥ በአዱሊስ ያስቀረጸውና በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ ገልብጦ ያቆየልን ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ ስለሚሰምጥበት በረዶ ይናገራል። ክረምት የሚለውን ቃል ደግሞ ልጆቹ በራሳቸው መንገድ ነው የተረዱት። እናታችን በሐምሌ ደውላ «ክረምቱ ከብዷል» ስትላቸው ትልቁ ወደ መስኮቱ ሮጦ ፀሐዩን አየና «እማማ፣ የት አለ?» አላት። ለእሱ ክረምት ነጭ ነው። እሷ ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ እሸቱን ስትነግረው ግማሽ ሰዓት በአማርኛ አወሩ። ይህን የሚያህል ትምህርት በየትኛው ፕሮግራም ይያዛል?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በበረዶ ቀን ቡና ማፍላት የቤተሰብ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ሲኒ ይደረድራሉ፣ ፈንዲሻ ያዞራሉ። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መቀጣጠል የለበትም። የእኛ አገር ቤት በርና መስኮቱ ያስተነፍሳል፤ የሚኒሶታ ቤት ለብርዱ ተብሎ ታሽጓል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል፤ ሕፃናት ደግሞ ቶሎ ይጎዳሉ። በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ቴክሳስን በረዶ መትቶ መብራት ሲጠፋ፣ ከሰል ምድጃ ወደ ቤት ያስገቡና ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥተው የሞቁ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ቡናውም ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሆናል። የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በየመኝታ ቤቱ አጠገብ ይሰቀል፣ ባትሪውም ይታይ። ልጆቹን ድምፁን አሰምቶ «ይህ ሲጮህ ወደ ውጭ» ብሎ ማለማመድም ከፊደል አያንስም።

ሁሉም ነገር ግን ማር አይደለም። ሁለት ልጅ ይዛ ለአምስት ወር በበረዶ የተዘጋች እናት ብቸኝነቱ ከባድ ነው፤ ሥራ ትታ ከሆነ ደግሞ ኪሱም ይቀላል። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መጣላትና መታረቅን ከእናቱ አይማርም። ስለዚህ እቤት ማስተማር በራሱ ከትምህርት ቤት ይበልጣል የሚሉትን አልስማማባቸውም፤ የደከመች እናት ብቻዋን ከምትታገል ልጁ አውቶቡስ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። እህቴ ያገኘችው መፍትሔ ቅዳሜ ነው። ሦስት ቤተሰብ በየተራ እየተቀባበሉ ልጆቹን ይሰበስባሉ፤ አንዱ አባት ተረት ይነግራል፣ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር በረዶ ይጠርጋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ፣ ለትንንሾች የሚነበብበት ሰዓት በነፃ ስላለ።

ትልቁ በመጪው ነሐሴ ሰባት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የኦክቶበሩ ደብዳቤም ፈተናውም አለ። እሷ ገና አልወሰነችም፤ እሱ ግን ትምህርት ቤት ሚዛን እንዳለ ጠይቋል።