«አንድ ጤና» ምንድን ነው? ከዋግ አባ ሰንጋ የምንማረው

የሕዝብ ጤና የሚያጠና ተማሪ ከባሕር ማዶም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ከብት አርቢዎች መንደር ሲገባ ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ስንት ልጅ ተከተበ? ስንት እናት ጤና ጣቢያ ወለደች? መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም፣ ጎደሎ ናቸው። ኑሮው በከብት በሆነ ቤት የሰው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከበረት፣ ከግጦሽና ከወንዝ ውኃ ነው። ሦስቱን፣ ማለትም የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ የሚያይ አሠራር «አንድ ጤና» ይባላል።

በዋግ ኽምራ ያለችውን ዝቋላ እንውሰድ (የአቦ ገዳም ያለበት የቢሾፍቱው ዝቋላ ሌላ ነው)። ወረዳዋ ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላ የበዛባት ናት። አርብቶ አደር ሲባል ቶሎ የሚታሰቡን አፋር፣ ሶማሌና ቦረና ናቸው፤ የተከዜ ቆላ ሰው ግን ማሽላ እየዘራም ዝናብ ሲከዳው ዓይኑን የሚጥለው ፍየሉ ላይ ነው። ፍየል ተሸጦ እህል ይገባል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በዚሁ በዋግ ኽምራና በደቡብ ጎንደር ዞኖች አባ ሰንጋ ተነስቶ ነበር። በሽታው እንስሳትንም ሰዎችንም ይዟል፤ በፒሲአር ምርመራ የተረጋገጠውም ያኔ ነው። አባ ሰንጋን ክፉ የሚያደርገው አፈር ውስጥ መደበቁ ነው። የሞተው እንስሳ ሲበለት ባክቴሪያው አየር ያገኝና ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ሆኖ መሬት ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ድርቅ ሣሩን ሲያሳጥረው ከብቱ ከአፈሩ ጋር ይግጣል፣ በሽታውም እንደገና ይጀምራል። የአየሩ ጠባይ፣ አፈሩና በረቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ወደ ሰው የሚተላለፈው እንዴት ነው? በማረድ፣ በመግፈፍ፣ ሥጋውን በመብላት። «ገበሬው አያውቅም» የሚለው የተለመደ መልስ እኔን አያጠግበኝም። የደጋውም የቆላውም ክርስቲያን በክት አይበላም። ይህ ሕግ ራሱ ግን ሌላ ችኮላ ይፈጥራል፦ የሚያጣጥር እንስሳ ሞት ሳይቀድመው ቢላዋ እንዲቀድመው ይደረጋል። ታርዷልና በክት አይባልም፤ ንብረቱም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ሥጋው ለጎረቤት ይከፋፈላል። ድሃ ቤት ውስጥ ይህ ስሌት ትክክል ነው። በዚያች ደቂቃ የታረደው ግን በአባ ሰንጋ የተያዘ ከሆነ፣ አራጁም ገፋፊውም ቀማሹም ተጋልጠዋል። «የታመመ አትብሉ» ብሎ ከመለጠፍ በፊት ለጠፋው ፍየል ምን ይተካል ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። የጤና ባለሙያ ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም።

ከሌላ የአፍሪካ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የስዊስ ትሮፒካል ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከቻድ ባልደረቦቻቸው ጋር የዘላን አርብቶ አደሮችን መንደር ሲያጠኑ፣ ከብቶቹ ተከትበው ከልጆቹ ግን አንድም ሙሉ ክትባት የወሰደ እንደሌለ አዩ። የእንስሳት ሐኪሞች መኪና ይደርስ ነበር፣ የሰው ሐኪም ግን አይደርስም ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ በዚያው ጉዞ ለልጆችና ለእናቶችም ክትባት ማድረስ። በአገራችንም የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከስዊሶቹ ጋር ሆኖ በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች መካከል «አንድ ጤና»ን ሲያጠና ቆይቷል።

ዋግም ለቅንጅት እንግዳ አይደለም። መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ በ2015 እ.ኤ.አ. የተገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ በሰቆጣ ሲሆን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ጤናን አብሮ ያሠራል። አባ ሰንጋም በ2015 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ነው። ክትባቱም ቢሾፍቱ ይመረታል።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው እውቀት ጥቂት ነው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁርና የማይረጋ ደም የሚወጣው እንስሳ አይበለት፣ ቆዳውም አይገፈፍ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ፤ ሬሳው ከውኃ ርቆ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የነካው ሰው እጁ ወይም ፊቱ ላይ የሚያሳክክ ትንሽ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶ መሐሉ ጥቁር ከሆነ፣ «አያመኝም» ብሎ አይቀመጥ። አለማመሙ አንዱ ምልክት ነው። ቶሎ ከተደረሰ በተለመዱት አንቲባዮቲኮች ይድናል።

ወደ እነዚህ ወረዳዎች ለጥናት የምትሄዱ ተማሪዎች፣ የጤና ኬላውን ሠራተኛ ስልክ ስትይዙ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪምም ስልክ ያዙ። መጠይቃችሁም ላይ «በዚህ ዓመት ስንት ፍየል ሞተባችሁ፣ ምን አደረጋችሁት?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።